ደረቅ፣ ድርቅ፣ ድርቀት

በዛሬው ዓምዳችን የምንመረምረው ቃል «ደረቅ» የሚለው ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ አማርኛን መማር የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ወር ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ አማርኛ የሚማር የመሥሪያ ቤት ሰው «ድራይ» ባየበት ቦታ ሁሉ «ደረቅ» እያለ የጻፈ እንደ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚያስቅ፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ለተራበ ሰው የሚላከውን እህል የሚያስቀር ስሕተት ይደርስበታል። እህል ያስቀራል ማለታችን ለማጋነን አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናስረዳለን።

ቃሉን ለማስረዳት በምሳሌነት የመረጥነው ስፍራ ፋው ነው። ፋው በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከገዳሪፍ ወደ ዋድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመተማ ወሰን ባሻገር ያለችውን ይህችን ከተማ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአካባቢዋ የሚያልፈው የራሀድ ወንዝ ከአገራችን የሚወርድ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ከትግራይ ያፈናቀላቸው ወገኖች ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዷ ስለ ነበረች ነው። እንግዲህ ደረቅ፣ ድርቅና ድርቀት የተባሉት ሦስቱ ቃላት በአንድነት የታዩባት ቦታ ናትና ለትምህርታችን ትስማማለች።

አስቀድመን ሥሩን እንመልከት። የሦስቱም ቃላት አባት «ደረቀ» የሚለው ግስ ነው። ከእርሱም ደረቅ፣ ድርቅ፣ ድርቀት፣ ድርቅና፣ ማድረቂያ፣ ድርቆሽ የሚሉት ይወለዳሉ። ተማሪው በንባብ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም «ልብሱ ደረቀ» ስንል «ረ» ይጠብቃል፤ «ደረቅ ልብስ» ስንል ግን «ረ» ይላላል። ግእዝ ለዚሁ ነገር «የብሰ» ይላል፤ ከባሕር የተለየውን ምድር «የብስ» የምንለው ከዚያ ወስደን ነው። በወሰን አካባቢ የሚሠራ ሹም ከዐረብኛ ተናጋሪዎች «ያቢስ» የሚል ቃል ቢሰማ የዚሁ የግእዝ ቃል ዘመድ መሆኑን ይወቅ። እንግሊዝኛም ቢሆን «ድራይ» እና «ድራውት» የሚላቸው ሁለት ቃላት በጥንት ጊዜ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ነገር ግን ድምፃቸው ስለ ተራራቀ ዛሬ የሚያምታታቸው የለም። በአማርኛ ግን «ደረቅ» እና «ድርቅ» በጽሑፍ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ሳይሆን በፊደላት ቅርጽ ብቻ ስለ ሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደንብ እንግባ። «ደረቅ ነው» ማለትና «ደርቋል» ማለት አንድ አይደለም። «ደረቅ ነው» የሚለው የነገሩን ጠባይ ወይም ያለበትን ሁኔታ ይነግረናል። «ደርቋል» የሚለው ግን ታሪኩን ጭምር ይነግረናል፤ ቀድሞ እርጥብ ነበረ፣ ዛሬ ግን እርጥበቱ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋይ ደረቅ ነው እንላለን እንጂ ዝናም ካልመታው በቀር ደርቋል አንልም። የታጠበ ሸማ ግን ደርቋል እንላለን።

ይህን ደንብ የራሀድ ወንዝ በደንብ ያስተምራል። ወንዙ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር ይነሣል፤ በእኛ በኩል ስሙ ሽንፋ ነው። በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይወርድና ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በጋው ሲገፋ ግን ውሃው እየጎደለ ሄዶ በየቦታው የተቋጠረ ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ በመጨረሻም አሸዋው ይታያል። በመጋቢት ወር ያየው ሰው «ራሀድ ደርቋል» ቢል ትክክል ተናገረ። «ራሀድ ደረቅ ወንዝ ነው» ቢል ግን ክረምቱን ዘነጋ። ጎረቤቱ የአትባራ ወንዝም እንደዚሁ ነው፤ እርሱም ከእኛ ሲነሣ ጓንግ ይባላል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1861 በሰኔ ወር በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ቀን አሸዋ የነበረው ወንዝ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ደረሰ፤ በነጋ ጊዜ ስፋቱ እስከ 450 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚሆን ታላቅ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ቤከር በሰፈረበት አካባቢ የዘነበ ዝናም አልነበረም፤ ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው። እንግዲህ የደረቀ ወንዝ የሞተ ወንዝ አይደለም።

እንዲያውም መድረቁ ራሱ ለሰው የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት ሊቃውንት በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች የኖሩበትን ቦታ መርምረው፣ በበጋ ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲለወጥ እነዚያ ሰዎች ዓሣውን በቀላሉ እያጠመዱ ይመገቡ እንደ ነበር ገልጠዋል። ሰው ከደረቅ ወቅት ጋር ተስማምቶ መኖርን የተማረው ዛሬ አይደለም።

ቃሉ በወጥ ቤትና በገበያ ሲነገርም ብዙ ጊዜ የምስጋና ቃል ነው። በርበሬ ካልደረቀ አይፈጭም። ሥጋው ተዘልዝሎ ካልደረቀ ቋንጣ አይባልም። እንጀራ ተቆራርሶ በፀሐይ ሲደርቅ «ድርቆሽ» ይሆናል፤ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለቸኮለች እመቤትም ፈጣን ምሳ ነው። ዳሩ ግን ታጭዶ የደረቀ የከብት ሣርም «ድርቆሽ» ይባላልና፣ «ለድርቆሽ መግዣ» የሚል የሒሳብ ሰነድ የቀረበለት ሹም ግዢው ለማድ ቤት ይሁን ለከብት በረት መጠየቅ አለበት። በመተማና በገዳሪፍ የሚመረተው ሰሊጥም ፍሬው ሳይራገፍ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። የሰሊጥ ነጋዴ «ደረቅ ነው» ካለ ዕቃውን አመሰገነ ማለት ነው፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታልና። በጠጅ ቤትም «ደረቅ ጠጅ» ማለት ጣፋጭነቱ የቀነሰና የበረታ ጠጅ ነው። በዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ሳይማከሩ ተገናኝተዋል።

የማይገናኙበት ግን ይበዛል። እንግሊዝኛ ወተቷን ያቆመችውን ላም «ድራይ» ይላታል፤ በአማርኛ ላሚቱ «ነጠፈች» እንጂ «ደረቀች» አትባልም። ደረቀች ከተባለች ባለቤቱ ከስታለች ወይም ሞታለች ብሎ ይደነግጣል። ምንጭም እንደ ላም «ነጠፈ» ይባላል። እንግሊዝኛ «ድራይ» የሚለው የዓመቱ ክፍል ለእኛ «በጋ» ነው፤ አንድ ቃል ሳለልን ሁለት ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ወጥ የሌለው እንጀራ «ባዶ እንጀራ» ነው። ሳይስቅ ሰውን የሚያስቅ ቀልደኛ በእንግሊዝኛ ቀልዱ «ድራይ» ይባልለታል፤ በአማርኛ «ቀልዱ ደረቅ ነው» ማለት ግን አያስቅም ማለት ነውና፣ ማመስገን የፈለገ ሰው ሰድቦ ይመለሳል። ሱዳን ለብዙ ዓመታት እንደ ነበረችው መጠጥ በሕግ የተከለከለበትን አገር እንግሊዝኛ «ድራይ» ይለዋል፤ እኛ «መጠጥ የተከለከለበት» ካላልን ሰሚው ዝናም ያልዘነበበት ይመስለዋል።

በተቃራኒው አማርኛ «ደረቅ» የሚልበት፣ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ቃል የሚፈልግበት ቦታ አለ። «ደረቅ ሌሊት» ማለት ሰው ሁሉ የተኛበት እኩለ ሌሊት ነው። በቢሮ ቋንቋም «ደረቅ ቆሻሻ» ማለት ፈሳሽ ያልሆነ ቆሻሻ ማለት ስለ ሆነ፣ ዝናም የመታው ወረቀትና የበሰበሰ ቅጠል እንኳ በዚሁ ስም ይጠራል። «ደረቅ ቼክ» የሚሉት ደግሞ በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈውን ቼክ ነው፤ የሕግ ሰዎች «ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል። እንደ ሞጆው ያለ ከባሕር የራቀ የዕቃ ማራገፊያ «ደረቅ ወደብ» መባሉ ግን ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ የተለመደ አጠራር ነው።

ለሰው ሲነገር ቃሉ ይከብዳል። «ደረቅ ሰው» ማለት ይሉኝታ የሌለው፣ ቢለምኑት የማይራራ፣ ቢያስረዱት የማይመለስ ሰው ነው። «ዓይነ ደረቅ» ከዚህም ይብሳል፤ ያደረገውን ሰው ሁሉ እያየው የማያፍር ማለት ነው። «ድርቅ ብሎ ካደ» ሲባል ማስረጃ እየቀረበበት በክሕደቱ ጸና ማለት ነው። «ልቤን አደረቀው» የሚል ሰው ደግሞ በንዝንዝ ተሰላችቷል። ስለዚህ አንድ ሹም ስለ ባለጉዳይ ሲጽፍ «ሰውየው ደረቅ ነው» ከማለት ይጠበቅ፤ ሐሳቡ «አቋሙን አልለወጠም» ለማለት ከሆነ ይህንኑ ይጻፍ። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት ጥፋተኛው ባመጣው ንጹሑ እንደሚቀጣ ያስተምራል። በመዝገብ ላይ ያለቦታው የገባ ቃልም እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊው ሲሳሳት የሚቀጣው ሌላ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን አሁን እንናገር። «ደረቅ» የአገር ጠባይ ነው፤ «ድርቅ» ግን በአገር ላይ የሚደርስ መከራ ነው። ድርቅ ማለት ዝናም መምጣት በሚገባው ጊዜ ሳይመጣ፣ ወይም መዝነብ የሚገባውን ያህል ሳይዘንብ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ድርቅ የሚለካው በአገሩ ልማድ ነው። በገዳሪፍ ከተማ ዙሪያ በመልካም ዘመን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ይዘንባል፤ ይህም ማለት ይቻላል በሙሉ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው። ጥቁሩ የዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እየተጣበቀ መኪና አያሳልፍም። ለማሽላና ለሰሊጥ ይህ ዝናም ይበቃል። ያው 600 ሚሊ ሜትር በኢሉባቦር በጎሬ ቢዘንብ ግን ሕዝቡ ታላቅ ድርቅ ገባ ይላል፤ በዚያ የለመዱት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነውና። ዘመኑም እንደ ስፍራው ይታያል። በፋው በሚያዝያ ዝናም ባይኖር ማንም «ድርቅ» አይልም፤ በነሐሴ ባይኖር ግን ይላል።

ደግሞም ደረቅ አገር ሁሉ ውሃ የሌለው አይደለም። በፋው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የራሀድ የመስኖ እርሻ ተቋቋመ። ስፋቱ 300,000 ፈዳን፣ ማለት 126,000 ሄክታር ያህል ሆኖ ለጥጥ፣ ለለውዝና ለማሽላ እርሻ የታሰበ ነበር። ራሀድ በበጋ ስለሚደርቅ፣ መሐንዲሶቹ ውሃውን ከዓባይ በመሳቢያ እየሳቡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቦይ እንዲመጣ አደረጉ። አየሩ ደረቅ፣ ወንዙም የሚደርቅ ሲሆን፣ ለእርሻው የሚሆን ውሃ በቦይ መጣ።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በትግራይና በወሎ ዝናም ቀርቶ ሳለ፣ ጦርነቱም እህል እንዳይደርስ መንገድ ዘግቶ ነበር። በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ከትግራይ፣ ልጆቻቸውን አዝለው በእግር ወደ ምሥራቅ ሱዳን ወረዱ። በዚያው ዓመት ምሥራቅ ሱዳንም ራሱ ዝናም አጥቶ ነበር። በፋው አካባቢም የስደተኞች ሰፈሮች ተቋቋሙ። ቃሉን በዚህ ላይ እንፈትነው። እነዚያ ሰዎች ከደረቅ አገር ወደ ለምለም አገር አልተሰደዱም፤ ድርቅ ከገባበት ደጋ ወደ ደረቅ ቆላ ወረዱ እንጂ። አገራቸው በልማዱ ከፋው ይልቅ ነፋሻና እርጥብ ነበረ። ይህም ስለ ሆነ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩት በዚያው በ1977 ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ ሲቃረብ ለመዝራት ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ደረቅነት የማይለቅ ጠባይ ነው፤ ድርቅ ግን የሚመጣና የሚሄድ ነው። መመለስ የሚያስችለው ተስፋ በዚህ ልዩነት ውስጥ አለ።

እንግዲህ አንድ የወረዳ ሹም ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲጽፍ ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ሊመርጥ ይችላል። «ወረዳው ደረቅ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የአገሩን ጠባይ ዐወቅሁ ብሎ ወረቀቱን ከፋይል ይጨምረዋል። «ወንዙ ደርቋል» ብሎ ቢጽፍ፣ ወሩ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። «በወረዳው ድርቅ ገብቷል» ብሎ ቢጽፍ ግን የእህል ጎተራው ቁልፍ ይፈለጋል። በነሐሴ ሦስተኛውን መጻፍ ሲገባው የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው እህል አስቀረ ያልነው ስለዚህ ነው። በየሚያዝያው «ድርቅ» እያለ የሚጽፍም ቃሉን ያረክሰዋል፤ እውነተኛው ድርቅ በመጣ ጊዜ የሚያምነው አያገኝም።

«ድርቅ» እና «ረሃብ» ደግሞ መንትያ ቃላት አይደሉም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የደረሰውን ክፉ ቀን ያባባሰው፣ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬዎቹን ጨርሶ አራሹን ያለ ጥማድ ማስቀረቱ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው፣ ነገሩ ተሸፍኖ እርዳታ መዘግየቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የነበረው ድርቅ በአሥርተ ዓመታት ካየናቸው ከባዶቹ አንዱ ሆኖ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነግሮ ነበር፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ ስለ ታወቀና ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ስለ ነበረ የ1977ቱን የመሰለ እልቂት አልደረሰም። ድርቅን ሰማይ ያመጣዋል፤ በድርቅና በረሃብ መካከል ያለው ቦታ ግን የመንገድ፣ የጎተራ፣ የሰላምና የጊዜ ሪፖርት ቦታ ነው።

በመጨረሻ «ድርቀት» የሚለው ቀርቷል። ይህ ቃል ከምድር ይልቅ ለሰውነት ይነገራል፤ የቆዳ ድርቀት፣ የከንፈር ድርቀት፣ የሆድ ድርቀት እንላለን። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ከሁሉ የሚያስፈራው በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ድርቀት ነው። በ1977 ዓ.ም. በምሥራቅ ሱዳን ሰፈሮች ብዙ ሕፃናትን የቀሠፉት ኩፍኝና ተቅማጥ ነበሩ። ከድርቁ አምልጠው በድርቀት ሞቱ። እናቶችና አባቶች ምልክቱን ይወቁ፤ ዓይን ይጎደጉዳል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሕፃኑ ያለ እንባ ያለቅሳል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት በማሸጊያው ላይ እንደ ተጻፈው ይበጠበጣል፤ በተለመደው አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣትና የጡት ወተቱን አለማቋረጥ ይገባል። ሕፃኑ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ የዛሬውን ትምህርት በመልመጃ እንፈጽም። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በባዶው ቦታ ተገቢውን ቃል አግቡ፤ መልሱ ከላይ በተጻፈው ውስጥ አለ። አንደኛ፣ «ላሚቱ ጥጃዋ ካደገ በኋላ ........»። ሁለተኛ፣ «በመጋቢት የራሀድ ወንዝ ........፤ በሐምሌ ይሞላል»። ሦስተኛ፣ «የፋው አየር ........ ነው፤ ነገር ግን ቦይ አለ»። አራተኛ፣ «ሕፃኑ ተቅማጥ ስለ ያዘው ........ እንዳይደርስበት ኦ.አር.ኤስ. አጠጡት»። አምስተኛ፣ «እስከ ነሐሴ 15 ቀን ዝናም ስላልዘነበና የተዘራው ስላልበቀለ በወረዳችን ........ መግባቱን በአክብሮት እናስታውቃለን»። አምስተኛውን በትክክል የጻፈ ተማሪ አማርኛን ለሥራ የሚያበቃ ያህል ዐውቋል፤ ሪፖርቱንም ሳያሳድር ይላከው።